25 ሜትር ቀርቦ ትንሽ ወይስ 100 ሜትር ርቆ ትልቅ? ረጅም ዕድሜ ላላቸው ቅንጣቶች የሚሆን ዲቴክተር

ህሊና_አዳማ
ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም የቤቱ ሰዎች። አዳማ ነው ያለሁት፣ የፊዚክስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ርዕስ ላይ ልሠራ ነው፣ አማካሪዬም ፈቅደውልኛል። አንድ ነገር ላይ ግን የእናንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ።

ጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን ኮላይደር (ፕሮቶኖችን የሚያጋጭ ማሽን)፣ ኤልኤችሲ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው። የፕሮቶን ጥቅሎች በየ25 ናኖሰከንዱ ይገናኛሉ። አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት ግዙፍ ዲቴክተሮች የግጭቱን ነጥብ ከበው ተሠርተዋል። ሲነደፉ የነበረው ግምት ግልጽ ነው፦ አዲስ ከባድ ቅንጣት ከተፈጠረ እዚያው ይፈርሳል፣ ስብርባሪው ወደ ውጭ ይበተናል፣ እኛ ስብርባሪውን እንለካለን። ሂግስ የሚባለው ቅንጣት በ2012 የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ወዲያው ባይፈርስስ? ቻርጅ የሌለው ከሆነ ምንም ምልክት ሳይተው በዲቴክተሩ መሃል አልፎ ይሄዳል። ደግሞ ረጅም ዕድሜ እንግዳ ነገር አይደለም። ሚዩኦን የሚባለው ቅንጣት በአማካይ 2.2 ማይክሮሰከንድ ይኖራል። ይህን በብርሃን ፍጥነት ብናባዛው 660 ሜትር ገደማ ነው። ኬ-ሎንግ የሚባለው ካኦን 15 ሜትር ይደርሳል። ቢ-ሜሶን ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ አዲሱ ቅንጣት የግድ አጭር ዕድሜ ይኑረው የሚል ሕግ የለም።

እኔ ሁለት ሳጥን አሰብኩ። ሳጥን ሀ ከግጭቱ 25 ሜትር ይርቃል፣ በሁሉም አቅጣጫ 10 ሜትር ነው። ሳጥን ለ 100 ሜትር ይርቃል፣ ፊቱ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር። ሁለቱም ከግጭቱ ነጥብ ሲታዩ ከሙሉው አቅጣጫ 1.27 በመቶ ይሸፍናሉ።

ቅንጣቱ ከመፍረሱ በፊት በአማካይ 100 ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ ሀ ከሚያመሩት 7.4 በመቶ ውስጡ ይፈርሳሉ። ወደ ለ ከሚያመሩት ደግሞ 3.5 በመቶ። አማካዩን ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ሳደርገው ግን ሁለቱም 0.1 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

እና ጥያቄዬ፦ ለ ከሀ 16 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ታዲያ ማነው ወደ ሩቅ የሚሄደው? ለምን?

---

የፍራንኮ_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3:05

አሪፍ ጥያቄ ነው ህሊና። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ልጠይቅ። አትላስ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ወርዱ 25 ሜትር ነው። ሲኤምኤስ 14 ሺህ ቶን ይመዝናል። የግጭቱን ነጥብ ከሁሉም አቅጣጫ ከበውታል። አንቺ 1 በመቶ ትያለሽ፣ እነሱ ሙሉውን ይይዛሉ። አዲስ ሳጥን መሥራት ለምን አስፈለገ?

---

መምህር_ዘ
ሰኞ፣ ማታ 4:20

ህሊና፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። ዕድሜው በጣም ረጅም ከሆነ የመፍረስ ዕድሉ በሳጥኑ ጥልቀት ብቻ ይወሰናል፣ ርቀቱ ከቀመሩ ይወጣል። ብዙ ተማሪ «ረጅም ዕድሜ ካለው ሩቅ ሄደን እንጠብቀው» ይላል። የመፍረስ ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው ምንጊዜም ቅርብ ነው። አንቺ እዚህ ላይ አልተሳሳትሽም፣ ጥሩ መነሻ ነው።

ወደ ሩቅ የሚያስኬደው ሌላ ነገር ነው። ጸጥታ። ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ምንም እንዳይፈጠር ማድረግ። ባክግራውንድ የምንለውን ማጥፋት ማለት ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። የተሻሻለው ኤልኤችሲ በሙሉ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሂግስ ያመርታል፣ 150 ሚሊዮን እንበል። እስካሁን ያሉት ልኬቶች ሂግስ 10 በመቶ ያህል ጊዜ ወደማይታይ ነገር ቢፈርስ ገና ሙሉ በሙሉ አልከለከሉም። እያንዳንዱ ሂግስ ሁለት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ቅንጣቶች ቢሰጥ 30 ሚሊዮን ቅንጣት አለን። 1.27 በመቶው ወደ ሳጥንሽ ይሄዳል፣ 381 ሺህ ነው። አማካይ ርቀታቸው 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ 380 የሚሆኑት ውስጡ ይፈርሳሉ።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ 10 ሺህ የውሸት ምልክት አለ እንበል። የ10 ሺህ መዋዠቅ ስኩዌር ሩቱ ነው፣ 100። 380 ከዚያ በላይ ስለሆነ ምናልባት ትከራከሪበታለሽ። ዕድሜውን 10 እጥፍ አርዝሚው። ምልክትሽ 38 ይሆናል፣ በ100ው መዋዠቅ ውስጥ ጠፋ። መናኸሪያ መሃል ቆሞ የሰው ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። ባክግራውንዱ ዜሮ ከሆነ ግን 38 ብቻ ሳይሆን 4ትም ይበቃል። ያ ማለት ርቀቱ 1,000 ኪሎ ሜትር እስኪሆን ድረስ ማየት ትችያለሽ። በአንድ ዓይነት ሳጥን፣ በአንድ ዓይነት ግጭት፣ የምትደርሺበት ዕድሜ 100 እጥፍ ሰፋ። ያሰፋው ዝምታው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥናትሽ «የቱ ይበልጣል» ሳይሆን «የቱ ጸጥ ይላል፣ ምን ከፍሎ ነው ጸጥ የሚለው» ቢሆን ደስ ይለኛል።

---

መምህር_ዘ
ሰኞ፣ ማታ 4:48

የፍራንኮ ልጅ፣ ያንተንም ልመልስ። ዋናው ችግር ትሪገር ነው፣ የትኛው ግጭት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሥርዓት። በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ጥቅሎች ይገናኛሉ፣ ተቀምጦ የሚቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ያ ፈጣን ትሪገር የተሠራው ከመሃል የሚወጣ ብዙ ኢነርጂ ለመፈለግ ነው። ዘግይቶ፣ ከመሃል ርቆ የፈረሰ ቅንጣት የተለመደውን መልክ አይይዝም፣ ብዙውን ጊዜ ይጣላል። የተጣለ ደግሞ ተጣለ፣ ተመልሶ አይመጣም።

ይህ ማለት ግን ትልልቆቹ ምንም አያደርጉም ማለት አይደለም። ሲኤምኤስ በጣም የወደድኩትን ሥራ ሠርቷል። ጫፉ ላይ ያሉት የሚዩኦን ክፍሎች በወፍራም ብረት መሃል የተደረደሩ ናቸው። ሚዩኦን ሲያልፍ ቀጭን መስመር ይተዋል። ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ብረቱ ውስጥ ቢፈርስ ግን ኢነርጂው ይበተንና ክፍሉ በአንዴ በመቶ በሚቆጠሩ ምልክቶች ይጥለቀለቃል። ለሚዩኦን የተሠራ ዕቃ እንደ ካሎሪሜትር፣ እንደ ኢነርጂ መለኪያ፣ አገለገለ! ከ2022 ወዲህ ባለው ዙር ደግሞ ለዚሁ የተለየ ትሪገር ተጨምሮለታል። ከፊቱ ያለው ብረት ራሱ ጋሻ ነው። ተመልከት፣ እዚህም ያሸነፈው ጸጥታው ነው።

---

ሽቦና_ቦርድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ፣ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ነኝ፣ ከዚያ በኩል ልግባ።

ህሊና፣ ሳጥን ለ መሬት ላይ ቢሠራ ምን እንደሚያጋጥመው አስቢ። ከሰማይ የሚወርደው ሚዩኦን በባህር ጠለል ላይ በደቂቃ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ገደማ ነው። 40 በ40 ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ በሰከንድ 270 ሺህ ይሆናል። ከታች የሚጠበቀው ምልክት ደግሞ በዓመት ጥቂት ነው።

መፍትሔው ሰዓት ነው። ብርሃን በናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ሁለት ንጣፍ ሲንቲሌተር (ቅንጣት ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ ቁስ) በ3 ሜትር ብታራርቂ፣ ከላይ የመጣው ሚዩኦን ላይኛውን ከታችኛው በ10 ናኖሰከንድ ይቀድማል። ከታች የመጣው ደግሞ በተቃራኒው። በመካከላቸው 20 ናኖሰከንድ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሰዓትሽ እስከ 1 ናኖሰከንድ ከለየ አቅጣጫውን አትስቺም። በዚያ ላይ ሁለት መስመሮች ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ቦታና በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ቦታ ብቻ ሳይሆን ጊዜም እኩል መሆኑ ብዙ የውሸት ምልክት ያጠፋል።

ማቱሳላ የሚባለው ዕቅድ ሐሳቡ ይኸው ነው። ስሙ 969 ዓመት ከኖረው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ማቱሳላ የተወሰደ ነው። ከሲኤምኤስ በላይ፣ መሬት ላይ የሚቆም። በ2018 ሲቀርብ 200 በ200 ሜትር ነበር፣ አሁን ወደ 40 በ40 ወርዷል። ገና አልተሠራም። ረዣዥም የሲንቲሌተር ዘንጎች ናቸው፣ በውስጣቸው ብርሃን የሚሰበስብ ፋይበር ያልፋል፣ በሁለቱም ጫፍ ብርሃኑን ሲሊከን ፎቶማልቲፕላየር ያነበዋል። ቅንጣቱ ዘንጉን የት ጋ እንደመታው የሚታወቀው የሁለቱ ጫፎች ሰዓት ሲነጻጸር ነው። ፋይበሩ ውስጥ ብርሃን በናኖሰከንድ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ የ1 ናኖሰከንድ ልዩነት ከዘንጉ መሃል 8 ወይም 9 ሴንቲሜትር መራቅ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ትልቅ ስፋት በጥቂት ሽቦ ይሸፈናል። ለመሐንዲስ ይህ ውበት ነው።

---

ናዝሬት_ነባር
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:30

ልጆች፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። እኔ ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልናገር። ይኖር አይኑር ያልታወቀ ነገር ለመፈለግ ይህን ያህል ኮንክሪት፣ ይህን ያህል እርሳስ፣ ይህን ያህል ገንዘብ? የኛ ልጆች ጉልበታቸውን እዚህ ላይ ማዋላቸው ልክ ነው ወይ? ይህን የምለው ለመቃወም አይደለም። ህሊና ስትመረቅ ይህንኑ የሚጠይቋት ሰዎች ይኖራሉ፣ መልሱን ከወዲሁ ብታዘጋጅ ብዬ ነው።

---

ህሊና_አዳማ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፣ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ሁሉም ግዙፍ አይደለም። ፌዘር የሚባለውን ዲቴክተር ይመልከቱ። ከአትላስ 480 ሜትር ርቆ፣ ድሮ ለቀድሞው ኮላይደር ያገለግል በነበረ ዋሻ ውስጥ ነው የተተከለው። የሚቀበልበት ክብ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ። የሚፈልገው ከጨረሩ ጋር በቀጥታ ወደ ፊት የሚሄዱትን ቀላል ቅንጣቶች ስለሆነ ሰፊ መሆን አላስፈለገውም። መስመሩ ከዋሻው ወለል ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ወለሉን ቆፍረው ዲቴክተሩን ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡት። ከአትላስ የተረፉ የሲሊከን ክፍሎችን፣ ኤልኤችሲቢ ከሚባለው ሌላ የኤልኤችሲ ዲቴክተር የተረፉ የካሎሪሜትር ክፍሎችን ተጠቀሙ። 100 ሜትር ገደማ ዐለት ከፊቱ ጋሻ ሆኖታል። በ2019 ተፈቀደ፣ በ2022 ሥራ ጀመረ።

በ2023 ደግሞ ከኮላይደር የወጡ ኒውትሪኖዎችን (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይጋጩ ቅንጣቶችን) ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፣ 153 ምልክት። ከዚያ በፊት በማንኛውም ኮላይደር ላይ አንድም ኒውትሪኖ በቀጥታ ታይቶ አያውቅም ነበር። አዲስ ቅንጣት ባያገኝም እንኳ ባዶ እጁን አልቀረም።

ሁለተኛው፣ «ይኑር አይኑር» ስላሉት። በ1947 ማንችስተር ውስጥ ሮቸስተርና በትለር በክላውድ ቻምበር (የቅንጣት መንገድ በጉም መስመር የሚታይበት ዕቃ) ፎቶ ላይ ከምንም የተነሳ የሚመስል የቪ ቅርጽ አዩ። ቻርጅ የሌለው ነገር ሳይታይ መጥቶ መሃል ላይ ለሁለት ፈርሶ ነበር። ካኦን ነው። ማንም አልጠበቀውም። የዛሬዎቹ ሳጥኖች የሚፈልጉት ያንኑ ቪ ነው፣ በሜትሮች ልኬት።

እኔ ደግሞ ዲቴክተር ልገነባ አይደለም። ላፕቶፕና ነፃ ሶፍትዌር ነው የያዝኩት። ግጭቱን በፒቲያ፣ ቁሱን በጂያንት-4 አስመስላለሁ። ሰርን ከ2014 ጀምሮ መረጃ ለሕዝብ የሚለቅበት ገጽም አለው። እዚህ ቁጭ ብዬ የማልደርስበት ሥራ አይደለም፣ ከልቤ የምወደው ሥራ ነው።

---

ናዝሬት_ነባር
ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ተባረኪ ልጄ። የ1947ቱን ነገር ለፈታኞችሽ ንገሪያቸው። ያ ፎቶ ይበቃል።

---

የታቦሩ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:25

ከሐዋሳ ሰላም። ለሳጥን ሀ ልከራከርለት፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ለ እያደላ ስለመሰለኝ።

ሀ የሚመስል ዕቅድ በእውን አለ፣ ኮዴክስ-ቢ ይባላል። 10 ሜትር ኩብ፣ ከኤልኤችሲቢ የግጭት ነጥብ 25 ሜትር ገደማ። ድሮ ኮምፒውተሮች የነበሩበት፣ አሁን የተለቀቀ ቦታ ነው። ከመሬት በታች ስለሆነ የሰማዩ ሚዩኦን በጣም ይቀንሳል። 3 ሜትር የኮንክሪት ግድግዳ አስቀድሞ አለ፣ በዚያ ላይ 4.5 ሜትር ገደማ እርሳስ ይጨመራል።

የተደነቅኩበት ግን ይህ ነው። እርሳሱ ሲወፍር ችግሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ከግጭቱ የወጣ ሚዩኦን እርሳሱን ሰንጥቆ ይመጣና መጨረሻው አካባቢ ከአንድ ኒውክሊየስ ጋር ይጋጫል። እዚያ ኬ-ሎንግ ይፈጠራል። የቀረው እርሳስ ቀጭን ስለሆነ አያስቆመውም። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል፣ ቪ ይሠራል። ልክ የምንፈልገውን ይመስላል! ስለዚህ እርሳሱን ሁለት ቦታ ከፍለው መሃሉ ላይ ሚዩኦን የሚያይ ንጣፍ ያስገባሉ። ሚዩኦን ካለፈ፣ ተከትሎ የመጣው ምልክት ይሰረዛል። ጋሻው ራሱ ዓይን አለው ማለት ነው። ህሊና፣ ይህን ንጣፍ የት ቦታ ማስገባት እንደሚሻል ብታጠኚ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል። በጣም ከፊት ከሆነ በሚዩኦን ይጥለቀለቃል፣ በጣም ከኋላ ከሆነ ካኦኑ ከእሱ በፊት ተፈጥሮ ሳይታይ ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ በሒሳቡ ላይ ይጨመር። ኤልኤችሲቢ የሚያገኘው ግጭት ከአትላስና ከሲኤምኤስ ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ መምህር ያሉት 380 እዚያ ቦታ 38 ይሆናል። ሳጥን ሀን የምታስቀምጭበት ቦታ የግጭቱን ብዛትም ይወስናል።

---

መምህር_ዘ
ረቡዕ፣ ቀን 6:40

የታቦሩ፣ በጣም ትክክል። የእርሳሱን ነገር እኔ ላነሳው ነበር፣ ከእኔ በተሻለ አስረድተኸዋል።

ህሊና፣ ወደ ሒሳብሽ ልመለስ። ሁለቱን ሳጥኖች እኩል የአቅጣጫ ሽፋን ሰጥተሽ ማነጻጸርሽን ወድጄዋለሁ። አሁን ለእያንዳንዳቸው የውሸት ምልክት ምንጮችን ለይተሽ ጻፊ። ለሀ፦ ኬ-ሎንግ፣ ኒውትሮን፣ ሚዩኦን። ለለ፦ ከሰማይ የሚወርድ ሚዩኦንና ኒውትሪኖ። ኒውትሪኖን ምንም ዐለት አያቆመውም። ምድርን ሰንጥቆ ከታች መጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ካለው አየር ጋር ቢጋጭ ወደ ላይ የሚሄድ ምልክት ይሰጣል፣ ሰዓቱም አያድንሽም። የሚያድንሽ ብዙውን ጊዜ ከሚፈናጠሩት አንዱ ዘገምተኛ ፕሮቶን መሆኑ ነው። ፍጥነቱ ከብርሃን በግልጽ ያንሳል፣ ስለዚህ እዚህም ሰዓቱ እንደገና ይጠቅማል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን መቁጠር አለብሽ።

የኔ አቋም ግልጽ እንዲሆን፦ ከባድና ብዙ ስብርባሪ የሚሰጥ ቅንጣት ከሆነ አትላስና ሲኤምኤስ ራሳቸው ይበቃሉ፣ የውሸቱን መለየት ይችላሉ። ቀላል ሆኖ ጥቂት ሀድሮን (እንደ ፕሮቶንና ካኦን ያሉ ቅንጣቶች) ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ከካኦን ጋር ስለሚመሳሰል ከጋሻ ጀርባ ካልሆነ ተስፋ የለውም። ለሳጥኖቹ የምከራከረው ለዚህ ሁለተኛው ነው።

---

የፍራንኮ_ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 12:50

ገባኝ መምህር። ለእኔ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚሁ አዳማ ላይ አንድ ትንሽ ነገር በእጃችን ብንሠራስ? ሁለት ንጣፍ፣ ላይና ታች፣ የሚዩኦን አቅጣጫ የሚለይ። ህሊና በሲሙሌሽን የምታየውን በዓይኗ ብታየው።

---

ሽቦና_ቦርድ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

እኔ አለሁ! ከኤምአይቲ የወጣ ኮስሚክ ዎች የሚባል ክፍት ንድፍ አለ፣ ዕቃው ለአንዱ 100 ዶላር ገደማ ይፈጃል። ሁለቱን ደራርቦ መቁጠር ይቻላል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእሱ ኤሌክትሮኒክስ ሚዩኦንን ለመቁጠር እንጂ ናኖሰከንድ ለመለየት የተሠራ አይደለም። አቅጣጫ ለመለየት ፈጣን የሰዓት ቦርድ ያስፈልጋል። ያንን እኔ እሞክራለሁ።

ሌላው፣ ሙቀቱ። ሲሊከን ፎቶማልቲፕላየር ምንም ብርሃን ሳይመታው በራሱ የሚያሰማው ጫጫታ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ከሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ማታና ቀን የሚቆጥረው ልዩነት ከሚዩኦን ሳይሆን ከቆርቆሮው ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ ንጣፎች አብረው ሲመቱ ብቻ እንዲቆጥር ማድረግ፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር ማስቀመጥ፣ ቮልቴጁን ከሙቀቱ ጋር ማስተካከል። ለመብራቱም ባትሪ ይኑረው። ከፍታችን ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ሚዩኦኑ ከመጽሐፉ ቁጥር ይበዛል፣ እሱም ጥሩ ልኬት ነው።

---

ህሊና_አዳማ
ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። አሁን ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሳጥኖች ባክግራውንዳቸውን ወደ ዜሮ ለማውረድ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እርሳስ፣ ምን ያህል ንጣፍ፣ ምን ያህል የሰዓት ጥራት ይፈልጋሉ? ከሳጥን ሀ እጀምራለሁ፣ በእርሳሱ መሃል ያለውን ንጣፍ ቦታ በመቀያየር። ሽቦና ቦርድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከተመቸህ ስለ ሰዓት ቦርዱ እንነጋገር፣ የፍራንኮ ልጅም ና።

---

የታቦሩ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:05

ጎበዝ። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር፦ የቅንጣቱን ፍጥነት አንድ ቋሚ ቁጥር አታድርጊው። ከሂግስ የሚወጣው ቅንጣት ክብደቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ሰዓቱ ይዘገያል፣ አማካዩ ርቀት ይረዝማል። ከፒቲያ የሚወጣውን ሙሉ ስርጭት ውሰጂና ለእያንዳንዱ ቅንጣት የመፍረስ ዕድሉን ለየብቻ አስይው። ቅንጣቱ ሳጥኑ ውስጥ እስኪፈርስ በዕጣ ብቻ አትጠብቂ፣ ላፕቶፕሽ ወር ሙሉ ይሠራል። በዕድሉ መዝኝው። የኔን የፓይተን ፋይል በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ የሳጥኑን ልክ ብቻ ቀይሪበት።

---

ህሊና_አዳማ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20

ደርሶኛል፣ ከፍቶልኛል። የሳጥን ሀን ልክ አሁን እያስገባሁ ነው። አማካዩ ርቀት 100 ሜትር ሲሆን 7.4 ከሰጠኝ ወደ እርሳሱ እሻገራለሁ።